ቅጠል ገልባጩ ጋሽ ዘርፉ

የጋሽ ዘርፉን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። አንድ እጅ ከኋላ ጃኬቴን ጎተተኝ። ዞር ስል እትዬ የሺ ናቸው፤ ካዛንችስ በአንድ ግቢ ብዙ ዓመት አብረን የኖርን ጎረቤቴ።

«አንተ ነስሩ፣ ምነው ለቅሶው ላይ አጣሁህ?»

«የማን ለቅሶ?»

እትዬ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ኧረ በማርያም! አልሰማህም? ጋሽ ዘርፉ አርፈዋል እኮ!»

ሰልፉ ወደፊት ሄደ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ትሄዳለህ ወይስ በቃ እንለፍህ?» አለኝ። አሳለፍኩት። ቀጥሎ ያለውንም አሳለፍኩ። እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣብኝ እፍረት ነው።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ ዘርፉ ደግ ነበሩ፣ ግን ነዝናዛም ነበሩ፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ዛፍ ላይ የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ይህን የምጽፈው ደግነታቸውን ለማውራት ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ቃል ዋሽቻቸዋለሁ። ያቺን ቃል ሳላነሳላቸው ዓመታት አለፉ፤ ላነሳላቸው ስፈልግ ደግሞ እሳቸው የሉም።

የተዋወቅነው በግሪስ ምክንያት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ እየሠራሁ፣ ካዛንችስ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። ከድሮ ባለቤቱ የቀሩ የፍራፍሬ ዛፎች ነበሩበት፤ በአጥሩ ጥግ ኮክ፣ ከቧንቧው አጠገብ ዘይቱን፣ መሀል ላይ ሦስት ብርቱካን። በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ በሬን አንኳኩ። አንገታቸው ላይ በጫማ ክር የታሰረ አጉሊ መነጽር ተንጠልጥሏል።

«መካኒክ ነህ አሉኝ።»

«አዎ አባባ፣ ምን ተበላሽቶብዎት ነው?»

«ምንም። ግሪስ ፈልጌ ነው።»

«ለምን ዓይነት መኪና?»

«ለዝንብ» አሉኝ።

ጤነኛ አልመሰሉኝም። በማግስቱ ግን ከጋራዡ አንድ ጣሳ የተጣለ ግሪስ አመጣሁላቸው፤ እኔም ለማየት ጓጉቻለሁ። የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠው ቢጫ ቀለም ቀብተው አድርቀዋል። በግሪስ ለቀለቁትና ከብርቱካኑ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ማታ ከሥራ ስመለስ ቆርቆሮው ላይ የሚበር ነገር ሁሉ ተለጥፏል። «ቢጫ ይወዳሉ» አሉኝ፣ «ለምን እንደሆነ ግን እኔንም አልነገሩኝም።» የተረፈውን ግሪስ ግንዱ ላይ አዋሉት። ዛፉ እንዳይጎዳ መጀመሪያ ላስቲክ ጠመጠሙበት፤ ከላዩ ግሪሱን ቀቡ። ይሄኛው ለጉንዳን ነው።

«ጉንዳን ምን አደረገ?» አልኳቸው።

«ጉንዳን የተባዩ ዘበኛ ነው። ተባዩ ጣፋጭ ያንጠባጥብለታል፤ እሱ ደግሞ የሚመጣበትን ያባርርለታል። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ወዳጅ እንዴት ብሎ ይገባል?»

ወዳጅ የሚሉት ተባይ የሚበሉትን ነፍሳት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ፣ ሸረሪት፣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው፤ ገጹ በማስመሪያ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ «ጠላት»፣ በቀኝ «ወዳጅ»። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ከእያንዳንዱ ዛፍ በአራቱም አቅጣጫ አምስት አምስት ቅጠል ይገለብጣሉ፤ በመነጽራቸው እያዩ ይቆጥራሉ፤ ይጽፋሉ። የሰፈሩ ልጆች «ቅጠል ገልባጩ» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ስሙን ወደዱት። «ቅጠል ነገሩን የሚደብቀው በጀርባው ነው» ይላሉ፣ «ፊቱን ብቻ አይተህ አትፍረድ።» ወገባቸው ስለማይታዘዝ የላዩን ቅርንጫፍ የምወጣው እኔ ነኝ። እዚያ ላይ ሆኜ ስጠራ እሳቸው ታች ይጽፋሉ። መጀመሪያ ላይ ለማሳቅ ብዬ ነበር የምወጣው፤ በኋላ ሐሙስ ሲቀር ደስ አይለኝም።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት አዋሽ ዳር በነበረ አንድ ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ነው፤ የመድኃኒት ረጪዎች አለቃ ነበሩ። አንድ ቀን ኮክ እየለቀምን አጫወቱኝ። «ሐሙስ የመርጫ ቀን ነበር። የመርጫ ታንካችንን ተሸክመን እንወጣለን፤ ጭምብል የለ፣ ጓንት የለ። መጀመሪያ ንቡ ጠፋ። ቀጥሎ ወፉ ጠፋ። ተባዩ ግን፣ አንተዬ፣ ተባዩ ጭራሽ ባሰበት! ለካ የሚበሉትን ነበር የምንጨርሰው። መጨረሻ ላይ የእኔም አፍንጫ ጠፋ።» አፍንጫቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምንም ነገር አይሸታቸውም። ጡረታ ሲወጡ ሐሙስን የመቁጠሪያ ቀን አደረጉት፤ ለካሳ ይመስለኛል።

በዚህ ምክንያት አንድ ልማድ ነበራቸው። ብርቱካኑ አበባ ሲያወጣ በግቢው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያስቆማሉ። «እስቲ አሽተህ ንገረኝ፣ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ጥሩ ነው» ካልኳቸው አይለቁኝም። «ጥሩ ምን ማለት ነው? ከአምና ይበልጣል? ማር ማር ይላል? ሎሚ ሎሚ?» እኔ መኪና እንጂ አበባ መግለጽ የት ለምጄ! ቢሆንም እንደምንም እነግራቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በሰው አፍንጫ የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ የተነገራቸውን ሁሉ ያምናሉ።

ዘይቱኑ የሚያስቸግረው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ፍሬውን ስትከፍተው ትል ነው የሚጠብቅህ። ለእሱ የእትዬ የሺን የጠላ አተላ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው ጎኑን ይበሱና ይሰቅሉታል፤ ዝንቡ ሽታው ስቦት ይገባል፣ ይሰምጣል። አተላውን አምጣልኝ ሲሉኝ «ጋሽ ዘርፉ፣ እኔ እስላም ነኝ እኮ» ብዬ ቀለድኩ። «አንተ ተሸከመው ብቻ» አሉኝ፣ «የሚጠጣው ዝንቡ ነው።» እትዬ የሺ ከጓዳ ሆነው ሳቁ፤ «በእኔ ጠላ ሰክሮ የሚሞት ዝንብ ሰማዕት ነው!»

እትዬ የሺን እዚህ ላይ በደንብ ላስተዋውቃቸው፤ ነገሩ ያለ እሳቸው አይሟላም። የሚተዳደሩት ልብስ በማጠብ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ ካሉ ምግብ ቤቶች ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያመጣሉ፤ ያጥባሉ፤ ግቢው መሀል ባለው ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ገመዱ የሚያልፈው በትልቁ ብርቱካን ሥር ነው።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ያ ትልቁ ብርቱካን ተያዘ። ነጭ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ተባይ ቅጠሉን ወረረው። ከሥሩ የሚያጣብቅ ነገር ይንጠባጠባል፤ በሚያጣብቀው ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ይበቅላል። የእትዬ የሺ የጠረጴዛ ልብስ ነጭ ሆኖ ተሰጥቶ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወርዳል። ሁለት ምግብ ቤቶች ሥራቸውን ነጠቋቸው። እሑድ ጠዋት ግቢው ተሰበሰበ።

«ጋሽ ዘርፉ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «ግን ልጆቼን ምን ላብላቸው? ዛፉ ይቆረጥ!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ዘርፉ መነጽራቸውን እያሻሹ ቆዩ። «ልክ ነሽ የሺ። ግን ሦስት ሐሙስ ስጡኝ» አሉ። «ግንዱን ግሪስ ቀብቼ ጉንዳኑን አግጃለሁ። ወዳጅ ይመጣል። በሦስተኛው ሐሙስ ካልቀነሰ፣ መጥረቢያውን የምይዘው እኔ ራሴ ነኝ።»

ሦስት ሐሙስ ተሰጣቸው። እትዬ የሺም ገመዳቸውን ለጊዜው ወደ አጥሩ ወሰዱ። በመጀመሪያው ሐሙስ የግራው ዓምድ ሞላ፤ የቀኙ ባዶ ሆነ። ፊቴን አይተው ሳቁ። «አትደንግጥ። ወዳጅ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሚበላው ሳይኖር ምን ሊያደርግ ይመጣል?» በሁለተኛው ሐሙስ ሥራ ነበረብኝና ዛፉ ላይ አልወጣሁም፤ ብቻቸውን ቆጠሩ። በማግስቱ የዘመድ ሠርግ ደብረ ብርሃን ነበራቸው፤ ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ረቡዕ እመለሳለሁ። እንዳትነካኩት!» ብለው ሄዱ። ለምን እንደበራ አልጠየቅኳቸውም።

ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ ነበርና ዛፉ ላይ ወጣሁ። ልቤ ተሰበረ። ከተለመደው ተባይ መካከል፣ እጥፍ የሚያክል፣ ጥጡ የተንጨባረረ፣ በፍጥነት የሚሄድ ነገር በየቅጠሉ ጀርባ ይርመሰመሳል። እነዚህ እናቶቻቸው ናቸው አልኩ፤ አለቀልን። ሽማግሌው መጥረቢያ ሲያነሱ ታየኝ። እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መካኒክ የቆሸሸ ሞተር ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ከጋራዡ ትንሿን ኮምፕሬሰርና አንድ ጀሪካን ናፍታ በታክሲ አስጭኜ አመጣሁ። እትዬ የሺ ልብስ ሊያደርሱ ወጥተው፣ ግቢው ባዶ ነበር። ናፍታውን በሳሙና ውሃ በጠበጥኩና ዛፉን ከላይ እስከ ታች፣ የቅጠሉን ጀርባ ሳይቀር፣ እንደ ሞተር አጠብኩት። ነጩ ሁሉ ረገፈ። ቅጠሉ አብረቀረቀ። እኔ ድሮም ናፍታ ናፍታ ስለምል፣ ከግቢው ሰው ስለ ሽታው የጠየቀኝ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ዘርፉ ከወትሮው ቀድመው በሬን አንኳኩ። «ና፣ ዛሬ የማሳይህ ነገር አለ!» እንደ ሕፃን ይቸኩላሉ። የመጀመሪያውን ቅጠል ገለበጡ። ሁለተኛውን። አምስተኛውን። እጃቸው እየዘገየ መጣ። «የት ሄዱ?» አሉ ለራሳቸው።

«እነማን?» አልኩ።

«ልጆቹ። የቀይዋ ጢንዚዛ ዘመድ አለች፤ ትንሽ፣ ጥቁር። ልጆቿ ነጭ ጥጥ ለብሰው ተባዩን መስለው ነው የሚበሉት። ትልልቆች ናቸው፣ ይሮጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ዛፉን ሞልተውት ነበር እኮ! ወዳጅ መጥቶልን ነበር።»

ቅርንጫፉን ያዝኩ። ጋሽ ዘርፉ አንድ ቅጠል ቀነጠሱ። ጠርዙ ጠቁሯል፤ መሀሉ ዘይት የነካው ወረቀት መስሏል። በመነጽራቸው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ነስሩ፣ እስቲ አሽተህ ንገረኝ። ምን ይሸታል?»

ቅጠሏን አፍንጫዬ ላይ አደረግኳት። ናፍታው ጭንቅላት ይበጠብጣል። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው።

«ብርቱካን» አልኩ።

«ብርቱካን ብቻ?»

«ብርቱካን ብቻ።»

ቅጠሏን ተቀበሉኝና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ኦሎምፒያ ድረስ ሄደው ከአንድ የሚያውቁት ግቢ በክብሪት ቀፎ ጢንዚዛ ለቅመው መጡ። ዛፉ ላይ ቢለቋቸውም ናፍታ ያለበት ቅጠል ላይ አልቆም አሉ፤ በረሩ። የተቃጠለው ቅጠል መርገፍ ጀመረ። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፣ እሑድ ዕለት እትዬ የሺ «ጋሽ ዘርፉ፣ ዛፉ እኮ ሞቷል» አሏቸው። ጋሽ ዘርፉ መጥረቢያ ተበደሩ። ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ መትተው ሲያርፉ አላስችል አለኝ፤ ሮጬ ሄድኩ።

«እኔ ልርዳዎት፣ ጋሽ ዘርፉ።»

«ተወው ልጄ» አሉኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «አንተ ረድተኸኛል።»

ያን ጊዜ በቀና ነው የሰማሁት። ዛፉ ሲወድቅ ናፍታው ካልገደለው ከታችኛው ቅርንጫፍ ጥቂት ቡቃያ ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ገቡ። ያልታጠቡት ሁለቱ ትንንሽ ብርቱካኖች ላይ ደግሞ እነዚያ ጥጥ ለባሾች መጡ፤ በወር ውስጥ ተባዩን ጠረጉት። እትዬ የሺ ገመዳቸውን በእነሱ ሥር ዘረጉ፤ ጨርቃቸው ነጭ ሆኖ ወረደ። «አይ፣ ትንሽ በታገሥን!» እያሉ ሁልጊዜ ይቆጩ ነበር። ጋሽ ዘርፉ ቅጠላቸውን ይገለብጣሉ። እኔ ደግሞ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ።

ልነግራቸው ያልሞከርኩ አይደለሁም። ብዙ ሐሙስ ዛፍ ላይ ሆኜ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን እየሮጥኩ የታጠቅኩት ቢሆንም ጠብቆ ቀረ። በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለና ግቢው ተበተነ። ጋሽ ዘርፉ ከልጃቸው ከትዕግሥት ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገቡ። «ሐሙስ ሐሙስ ና» አሉኝ። በዚያን ሁሉ ዓመት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አልነበረም።

ከለገሃሩ ወሬ በማግስቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ተነሥቷል። ትዕግሥት ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ፤ እኩያዬ ናት፣ ግቢው ውስጥ ኮክ እየተሻማን ነው የኖርነው።

«ዘገየህ» አለችኝ።

«ዘገየሁ፣ ትዕግሥት። ይቅር በይኝ።»

«አባዬ ይመጣል እያለ ነበር። ወዳጅ ዘግይቶ ነው የሚመጣው ይል የለ?» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። ተቀመጥን። ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መነጽሩም ላዩ ላይ። ከዚያ «አንድ ነገር አለ» አለች። «ማለቴ፣ እኔ ትርጉሙ አልገባኝም፤ ሕመሙ ጠንቶበት ነበር። 'ነስሩ ሲመጣ ያቺ ቅጠል ምን ትሸት እንደነበር ጠይቂልኝ' ብሎኛል።»

ለካ ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ቅጠል ሲገለብጡ የኖሩ ሰው የናፍታ ቃጠሎ ይጠፋቸዋል? አፍንጫዬን አልነበረም የጠየቁኝ። ያን ሁሉ ዓመት ይጠብቁኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሚጠብቀኝ ሰው እሸሽ ነበር።

«ናፍታ» አልኳት። «ናፍታ ነበር የምትሸተው። ዛፉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ብርቱካን አልኳቸው።»

ትዕግሥት ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ስትመለስ በቀለም ጣሳ የተተከለ የብርቱካን ችግኝ ታቅፋለች። ግንዱ ላይ በላስቲክ ላይ የተቀባ ግሪስ አለው።

«የዚያ ዛፍ ዘር ነው» አለች። «ያኔ ቡቃያውን ሎሚ ግንድ ላይ ሰክቶ አዳቀለው፤ ሲያረጅበት ከእሱ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ እዚህ አደረሰው። 'ነስሩ ናፍታ ካለሽ ይሄን ስጪው' አለኝ። 'ብርቱካን ቢለኝስ?' ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አሉሽ?»

«ያኔም ስጪው አለኝ።»

ጣሳውን በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።